66 እና 51፦ የኤች.አይ.ቪን ኢንዛይም የሚለየው ፀረ እንግዳ አካል

በአዲስ አበባ ከቡልጋሪያ ወይም ከካዛንቺስ ሰፈር ተነስቶ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ የሄደና የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ያደረገ ሰው ቫይረሱን አላየም። የመረመረችው ባለሙያም አላየችውም። ጣቱ ተወግቶ የወጣች የደም ጠብታ በመመርመሪያው ጫፍ ላይ ትደረጋለች፤ ፈሳሽ ይጨመርባታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከወጣ መመርመሪያው በትክክል ሠርቷል፣ የተፈለገው ነገር ግን አልተገኘም ማለት ነው። ሁለት መስመር ከወጣ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይደገማል። በአገራችን ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው አካሄድ ኬኤችቢን ማስቀደም፣ ስታት ፓክን ማስከተል፣ ሁለቱ ካልተስማሙም በዩኒጎልድ መዳኘት ነበር። የመስመሩ ቅላት የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ነው። ቅንጣቶቹ በሁለተኛዋ መስመር ላይ እንዲሰበሰቡ የሚያደርገው ደግሞ የተመርማሪው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ስለዚህ ምርመራው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን መልስ ነው። ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን በዚህ ዘዴ የመጨረሻ ውጤት የማይነገረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ እሱ ስለሚሻገር፣ ሕፃኑ ቫይረሱ ሳይኖርበት መስመሩ ሊወጣ ይችላል።

ይኸው ፀረ እንግዳ አካል ሌላም አገልግሎት አለው። ተመራማሪዎች ሆን ብለው ያመርቱታል፣ በትንንሽ ብልቃጥ ይሞሉታል፣ አቀዝቅዘው ያስቀምጡታል። ከዚያም ቫይረሱ ከተሠራባቸው በርካታ ፕሮቲኖች መካከል አንዱን ብቻ ነጥሎ እንዲያሳያቸው ይጠቀሙበታል። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ከእነዚህ ስለ አንዱ ዓይነት ነው፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለውን የኤች.አይ.ቪ ኢንዛይም ለይቶ ስለሚይዘው። (በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኋላ የሚገለብጠው ኢንዛይም

በሕዋሶቻችን ውስጥ መረጃ በአብዛኛው የሚሄደው ከዲ.ኤን.ኤ ወደ አር.ኤን.ኤ፣ ከአር.ኤን.ኤ ወደ ፕሮቲን ነው። በ1970 ሃዋርድ ቴሚን ከሳቶሺ ሚዙታኒ ጋር፣ ዴቪድ ባልቲሞር ደግሞ በራሱ ቤተ ሙከራ፣ ይህን ጉዞ ወደ ኋላ የሚመልስ ኢንዛይም በአንዳንድ የእንስሳት ቫይረሶች ውስጥ መኖሩን አሳዩ። ኢንዛይሙ አር.ኤን.ኤን እያነበበ ዲ.ኤን.ኤ ይሠራል። ቴሚንና ባልቲሞር ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋር በ1975 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

በ1983 በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኜና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ታማሚ ንፍፊት የተወሰዱ ሕዋሶችን እያሳደጉ በየጊዜው የሚለኩት ይህንኑ የኢንዛይም ሥራ ነበር። ልኬቱ ከፍ ማለት ሲጀምር በማሳደጊያው ውስጥ የዚህ ዓይነት ቫይረስ እንዳለ ገባቸው። በኋላ ኤች.አይ.ቪ ተብሎ የተሰየመው ቫይረስ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በኢንዛይሙ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ጥንቁቅ አይደለም። የጻፈውን መልሶ የሚያርምለት መምህር እንደሌለው ቁም ጸሐፊ፣ የተሳተውን እንደ ተሳተ ትቶ ያልፋል። የቫይረሱ ሙሉ ጽሑፍ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ፊደላት አሉት፤ ኢንዛይሙ በ100 ሺህ ፊደላት ውስጥ ሦስት ያህል ይሳሳታል። በአማካይ ከሦስት ቅጂ አንዱ አዲስ ስሕተት ይዞ ይወጣል እንደ ማለት ነው። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ በቀን 10 ቢሊዮን ገደማ አዳዲስ ቫይረሶች እንደሚፈጠሩ ሲታሰብ፣ ቫይረሱ ለምን መልኩን እንደሚለዋውጥ፣ አንድ መድኃኒት ብቻውን ለምን እንደማይበቃው ግልጽ ይሆናል።

ከአይጥ ጣፊያ እስከ ብልቃጥ

ይህን ኢንዛይም ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንዴት ይገኛል? ዘዴውን በ1975 ያሳዩት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ከለርና ሴዛር ሚልስታይን ናቸው፤ በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ዘዴውን በፓተንት አላስከበሩም፤ በየአገሩ ያለ ቤተ ሙከራም ፈጥኖ ተጠቀመበት።

ሥራው እንዲህ ነው። የኢንዛይሙ ጂን ወደ ባክቴሪያ ይገባና ባክቴሪያው ኢንዛይሙን በብዛት እንዲያመርት ይደረጋል። ተጣርቶ በወጣው ኢንዛይም አይጥ ይወጋል፤ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። የአይጡ ሰውነት ባዕድ ነገር እንደ ገባበት አውቆ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ቢ ሕዋሶችን ያበዛል። እነዚህ ሕዋሶች በጣፊያው ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፤ ነገር ግን ከሰውነት ወጥተው ብዙ ቀን አይኖሩም። ስለዚህ ያለማቋረጥ ከሚራቡ የነቀርሳ ሕዋሶች ጋር ይዋሐዳሉ። ከዚያ ሁሉም ያልተዋሐዱ ሕዋሶች ሊኖሩበት በማይችሉት ምግብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የተዋሐዱት ብቻ ይተርፋሉ። የተረፉት አንድ አንድ ሆነው ተለያይተው ያድጋሉ። ከአንድ ሕዋስ የተራባው ቤተሰብ በሙሉ የሚያመርተው አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነው፤ ሞኖክሎናል የሚባለው ይህ ነው።

አድካሚው ምርጫው ነው። በመቶ በሚቆጠሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ያደጉት ሕዋሶች እያንዳንዳቸው ይፈተናሉ፤ ኢንዛይሙን የሚይዘው የቱ ነው? የሚይዘውስ የትኛውን የኢንዛይም ክፍል ነው? አንድ ፀረ እንግዳ አካል ኢንዛይሙን በሞላ አያውቀውም። የሚያውቀው በላዩ ላይ ያለችን ትንሽ ቅርጽ፣ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የሠሯትን ጥግ ነው። የዚህ ምዕራፍ ቁልፍ ነገር ይህ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዘው እጠይቃለሁ።

ሁለቱ መስመሮች

የኤች.አይ.ቪ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሁለት ፕሮቲኖች ጥምረት ነው። ትልቁ 66 ሺህ ዳልተን ገደማ ይመዝናል፤ 560 አሚኖ አሲዶች አሉት። ትንሹ 51 ሺህ ዳልተን ገደማ ነው፤ 440 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ጂን ነው፤ ትንሹ የሚገኘው የትልቁ ጅራት ተቆርጦ ሲወድቅ ነው። የሚቆርጠው ፕሮቲዬዝ የተባለው ሌላው የቫይረሱ ኢንዛይም ነው። ያ ጅራት አር.ኤን.ኤ ከተገለበጠ በኋላ አሮጌውን ጽሑፍ የሚበጣጥሰው ክፍል ነው።

ተመራማሪው ይህን ሁሉ በዌስተርን ብሎት ያየዋል። ቫይረሱ ያለባቸው ሕዋሶች ይፈጩና ፕሮቲኖቻቸው ጄል በሚባል ስስ ንጣፍ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ። ቀላሉ ፕሮቲን ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ፕሮቲኖቹ እንደ ተደረደሩ ወረቀት ወደሚመስል ገበር ይሻገራሉ፤ ገበሩም ፀረ እንግዳ አካሉ ባለበት ፈሳሽ ይነከራል፣ ይታጠባል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን የሚይዝ፣ ብርሃን ወይም ቀለም የሚሰጥ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። ሥራው ከተቃና ባዶ በነበረው ገበር ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ 66 ላይ፣ አንዱ 51 ላይ።

እዚህ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዛት ጥግ የት እንዳለች ማወቅ ለውጥ ያመጣል። ጥጓ ሁለቱ በሚጋሩት ክፍል ላይ ካለች ሁለቱም መስመሮች ይወጣሉ። በጅራቱ ላይ ካለች ግን የሚወጣው 66 ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት የያዘ ሰው ሁለቱን ፕሮቲኖች ያወዳድራል፤ ሁለተኛውን የያዘ ደግሞ ጅራቱ ብቻ ያለበትን ይከታተላል። የትኛውን እንደ ያዘ ያላወቀ «51 የለም» ብሎ በድፍረት ሊጽፍ ይችላል፤ 51 ግን አለ፤ ያልታየው እሱ የያዘው መሣሪያ ስለማያየው ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። ኢንዛይሙ መጀመሪያ የሚመረተው ለብቻው ሳይሆን ወደ 160 ሺህ ዳልተን በሚጠጋ ረጅም ፕሮቲን ውስጥ ከሌሎች ጋር ተያይዞ ነው። ፕሮቲዬዝ እየቆራረጠ ይለያያቸዋል። ፕሮቲዬዝን የሚያግድ መድኃኒት ለሕዋሶቹ ሲሰጥ 66 እና 51 ይደክማሉ፤ ወደ ላይ፣ 160 አካባቢ ያለው መስመር ይጠቁራል። መድኃኒቱ መሥራቱን በዓይን ማየት ማለት ይህ ነው፤ የአንዱን ኢንዛይም ሥራ በሌላው ኢንዛይም ፀረ እንግዳ አካል መመስከር።

ጥንቁቅ ተመራማሪ ግን መስመር ስላየ ብቻ አይረካም። ቫይረስ የሌለባቸውን ሕዋሶች በአጠገቡ ያስኬዳል፤ እዚያም መስመር ከወጣ ፀረ እንግዳ አካሉ የሕዋሱን የራሱን ፕሮቲን እየያዘ ነው። ተጣርቶ የተዘጋጀውን ኢንዛይምም ያስኬዳል፤ እዚያ ካልወጣ መሣሪያው ተበላሽቷል። ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን ነው፤ ደጋግሞ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ ኃይሉ ይቀንሳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየቀኑ መዝግቦ መያዝ የምርምሩ አካል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ፣ መስመሩ የሚናገረው ኢንዛይሙ መኖሩን እንጂ መሥራቱን አይደለም። ሥራ ያቆመ ኢንዛይምም 66 ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሥራውን ለማወቅ በፓሪስ በ1983 እንደ ተደረገው ሥራውን ራሱን መለካት ያስፈልጋል።

በደም ሞልቶ የማያድነው

የኤች.አይ.ቪ ታማሚ ሰውነትም በራሱ ጊዜ በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ቀደም ሲል ለማረጋገጫ ይሠራበት በነበረው ዌስተርን ብሎት የታማሚው ደም 66 እና 51 ላይ መስመር ያወጣል፤ 31 ላይ የሚወጣው ደግሞ ኢንቴግሬዝ በተባለው ኢንዛይም ላይ የተመረተው ነው።

ታዲያ ለምን አያድንም? ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚዘዋወር ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ወደ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ኢንዛይሙ ደግሞ በቫይረሱ ቅርፊት ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣና ሥራውን የሚሠራው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ኢንዛይሙን ለማገድ ወደ ሕዋሱ ዘልቃ የምትገባ ትንሽ ሞለኪውል ያስፈልጋል፤ መድኃኒት የምንለው እሷን ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ያችን ሞለኪውል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ቅርጽ ለማየት ረድቷል።

ክሪስታሉን ያስቻለው ቁራጭ

የፕሮቲን ቅርጽ በዝርዝር እንዲታይ ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ መርጋት፣ ከዚያ በኤክስሬይ መመታት አለበት። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ግን ተለጣጭና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በወጉ አልረጋ ብሎ ብዙ አስቸገረ። በ1992 በዬል ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ስታይትስ ቡድን ኢንዛይሙን ኔቪራፒን ከተባለው መድኃኒት ጋር አጣምሮ ቅርጹን አሳየ፤ ክፍሎቹንም ጣቶች፣ መዳፍና አውራ ጣት ብሎ ሰየማቸው።

በኒው ጀርሲ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው ኤዲ አርኖልድ ቡድን ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በሜሪላንድ የስቲቨን ሂዩዝ ቤተ ሙከራ በኢንዛይሙ ላይ ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካሎች አዘጋጅቶ ነበር። ከእነዚህ 28 ቁጥር የተሰጠው ተመረጠና የሚይዘው ጫፉ ብቻ ተቆርጦ ከኢንዛይሙ ጋር ተጣበቀ። ቁራጩ ኢንዛይሙ ሥራውን ከሚሠራበት ቦታ ራቅ ብሎ ስለ ያዘው ሥራውን አላሰናከለም፤ ክሪስታሉ እንዲረጋ ግን አገዘ። በ1993 በወጣው ጥናት ኢንዛይሙ ዲ.ኤን.ኤውን ይዞ፣ ዲ.ኤን.ኤውም በመዳፉ ላይ ጎበጥ ብሎ፣ የአንድ ሚሊ ሜትርን ሦስት አሥር ሚሊዮንኛ በሚያህል ጥራት ታየ። የአርኖልድ ቡድን ከቤልጅየማዊው መድኃኒት ፈጣሪ ፖል ያንሰን ባልደረቦች ጋር በሠራው ሥራ ኢትራቪሪንና ሪልፒቪሪን የተባሉ መድኃኒቶች ተገኙ፤ በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2008 እና በ2011 ነው።

የእኛው ቫይረስ

እስካሁን ያነሳነው ኢንዛይም በአብዛኛው የተወሰደው ቢ ከሚባለው የኤች.አይ.ቪ ዝርያ ነው፤ በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የተስፋፋው እሱ ስለሆነ ምርምሩም በእሱ ጀመረ። በኢትዮጵያ የተስፋፋው ግን ሲ ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ካለው የኤች.አይ.ቪ ስርጭት ግማሽ ያህሉም የሲ ነው።

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የተረጋገጠው በ1984 በተወሰደ ደም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች በአዲስ አበባ የተመዘገቡት በ1986 ነው። ቫይረሱን በአገር ውስጥ በጥልቀት ለማጥናት ትልቁ እርምጃ በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። ማዕከሉ በያኔው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በዛሬው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር። በአቃቂ ፋብሪካና በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ፤ የሲ ዝርያ የበላይነትን በዝርዝር መዘገበ፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችንም አሠለጠነ።

ዝርያው ለኢንዛይሙ ለውጥ ያመጣ ይሆን? በ2002 በሞንትሪያል ማጊል ዩኒቨርሲቲ የማርክ ዌይንበርግ ቡድን ያሳተመው ጥናት በቀጥታ የኢትዮጵያን ሲ ዝርያ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚመለከት ነበር። ቫይረሱ በማሳደጊያ ውስጥ እንደ ኔቪራፒን ያሉ መድኃኒቶች ሲጨመሩበት መድኃኒቱን በፍጥነት ተላመደ። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ቡድን ኢፋቪሬንዝ በሲ ዝርያ ላይ የሚያስከትለውን አንድ ለውጥ ለይቶ አወጣ፤ በኢንዛይሙ 106ኛ ቦታ ያለው ቫሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በሜታዮኒን ይተካል።

ምክንያቱ ከፊደል ቆጠራ የማያልፍ ነው። በሲ ዝርያ 106ኛው ቦታ በጂን ላይ የሚጻፈው ጂ-ቲ-ጂ ተብሎ ነው። ሜታዮኒን ኤ-ቲ-ጂ ነው፤ የሚለየው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በቢ ዝርያ ግን እዚያው ቦታ ላይ ያለው ጂ-ቲ-ኤ ነው፤ ሜታዮኒን ለመሆን ሁለት ፊደላት መለወጥ አለባቸው። ኢንዛይሙ አንድ ስሕተት ቶሎ ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ቦታ መሥራት ጊዜ ይወስድበታል። ኔቪራፒንና ኢፋቪሬንዝ በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ ለዓመታት የነበሩ መድኃኒቶች መሆናቸውን ላስታወሰ፣ ይህች የአንድ ፊደል ልዩነት የሩቅ ወሬ አይደለችም።

ወደ ፀረ እንግዳ አካሉ እንመለስ። በቢ ዝርያ ኢንዛይም የተወጋ አይጥ የሰጠው መሣሪያ የሚያውቃት ጥግ በሲ ዝርያ ላይ እንዳለች ከቀረች ይሠራል። አንድ ሁለት አሚኖ አሲድ ከተለወጠባት ግን መስመሩ ሊደክም ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1988 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለተመራማሪዎች የሚያድል ማዕከል አቋቁመዋል፤ በየብልቃጡ መግለጫ ላይም ፀረ እንግዳ አካሉ በየትኛው ቫይረስ ላይ እንደ ተፈተነ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ በ1970 በተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ መጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው ያንን መግለጫ ነው። የውጭውን ውጤት ከመጥቀሱ በፊትም ከኢትዮጵያውያን ደም በተገኘ የሲ ዝርያ ኢንዛይም ላይ ራሱ ሊፈትነው ይገባል። አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችልና መሠራትም ያለበት ምርምር ነው።

ከገበሩ ወደ ክኒኑ

ከካዛንቺስ ብዙም የማይርቀው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2003 በክፍያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት (ኤአርቲ) መስጠት ከጀመሩ ቀደምት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ዛሬ አብዛኞቹ አዋቂ ታካሚዎች በቀን አንድ ጊዜ የሚውጡት ክኒን ሦስት መድኃኒቶችን ይዟል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሚያግዱት ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን ነው፤ ዶሉቴግራቪር ኢንቴግሬዝን ያግዳል። በዌስተርን ብሎት 66፣ 51 እና 31 ላይ የሚታዩት እነዚሁ ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው።

ኢንዛይሙ ራሱም ለሕክምናው ይሠራል። በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ መጀመሪያ የቫይረሱን አር.ኤን.ኤ ወደ ዲ.ኤን.ኤ መገልበጥ አለበት፤ የሚገለብጠው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ነው። በ2020 ለኮቪድ የተደረገው የፒ.ሲ.አር ምርመራም በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነበር የሚሠራው።

ከዚህ ሁሉ መድኃኒት ላይ ላለ አንባቢ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ የሚናገረው ቫይረሱ ወደ ሰውነት መግባቱን ነው፤ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን አይናገርም። ቫይረሱ በመድኃኒት ተገትቶ መጠኑ ሊለካ ከማይችልበት ደረጃ ከወረደ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ በደም ውስጥ ስለሚቆይ ቀዩ መስመር ይወጣል። «ድኜ እንደሆነ ልይ» ብሎ በጣት ደም ምርመራ መድገም፣ በውጤቱም ተነስቶ መድኃኒት ማቆም ስሕተት ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግራችሁ ቫይራል ሎድ ነው፤ ቫይረሱ ሊለካ ከማይችልበት ደረጃ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ በጥናት ተረጋግጧል። በቀጠሯችሁ ቀን የቫይራል ሎድ ውጤታችሁን ጠይቁ፤ ቁጥሩንም እወቁት።